ዘንጉ የቦአስ፣ ሞተሩ የእኔ

ቦአስ የእህቴ ባል ነው። በሰሜን ዋልታ አቅራቢያ ባለችው ከተማችን በቀቀርታርሱዋክ እሱን የማያውቅ ውሻ እንኳ የለም። ሚያዝያ ላይ በረዶው ሲሰነጠቅና ዓሣ ነባሪዎቹ መኖ ፍለጋ ወደ ባሕራችን ሲገቡ፣ ጀልባው ፊት ላይ ቆሞ ጣት የምታህለውን መሣሪያ በረጅም ዘንግ ጀርባቸው ላይ የሚተክለው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ሳተላይቱ የሄዱበት ሁሉ ይከተላቸዋል። ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ባለው ካርታ መንገዳቸው በነጥብ በነጥብ ይታያል። ልጆቹ ታዲያ «የቦአስ ዓሣ ነባሪ ዛሬ የት ደረሰች?» ይላሉ።

የቦአስ አሉ እንግዲህ። ጀልባውን ማን ነዳው? እኔ ዬንሴ ነኛ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞተሩ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ቤት የምታህል ፍጥረት ሳትደነግጥ አጠገቧ የማደርሰው እኔ ነኝ። የሱ ሥራ እጁን መዘርጋት ብቻ። ደግሞ ሰውየው ደግ ነው፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። አድኖ ሲመለስ መጀመሪያ ሥጋ የሚያደርሰው ለባልቴቶች ነው። እህቴ ሬጊኔ ስሙን ስትጠራ ድምጿ ይለሰልሳል፤ እኔን የምትጠራኝ ቆሻሻ እንድደፋላት ነው። ምን ይደበቃል፣ ቅናት አንጀቴን ይበላኝ ነበር።

አምና አንዷን ዓሣ ነባሪ ስንጠጋ፣ ከዋና ከተማው ከኑክ የመጣችው ተመራማሪ ኒቪ ከኋላው ሆና «ቦአስ፣ እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር?» አለችው። እሱ ዘንጉን ሲዘረጋ እኔ የሞተሩን እጀታ ትንሽ ጠመም አደረግኩት። ጀልባው ዘወር አለ። መሣሪያዋም የዓሣ ነባሪዋ ጀርባ ላይ መሆኗ ቀርቶ ወረድ ብላ ጎኗ ላይ ተተከለች። ውሃ ውስጥ ያለች መሣሪያ ደግሞ ሳተላይቱ አይሰማትም።

የሌሎቹ ነጥቦች ካርታው ላይ ሲጓዙ የሷ የለም። ቦአስ በየጠዋቱ ሄዶ ያያል፤ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። ሰኔ ላይ ዘንጉን ተሸክሞ ቤቴ መጣ።

«እንካ አማቼ። ክንዴ ከድቶኛል። ለከርሞ አንተ ቁምበት።»

«ኧረ ተው፣ አንድ ጊዜ ብትስት ምን አለ» አልኩት ለይምሰል። አንጀቴ ግን ቅቤ ጠጣ። ዘንጉን ከአልጋዬ በላይ ሰቀልኩት።

ከዚያ ወዲያ ቦአስ አደንም ተወ። ሴት ልጁ በዚያው ሰሞን ወልዳ ሕፃኗን ስትሰጠው «በኋላ» እያለ ይርቃል። ሬጊኔ «ምን ነካብኝ?» ስትለኝ «እርጅና ነዋ» አልኳት።

ነሐሴ ላይ፣ በቦአስ የልደት ቀን፣ ቤቱ ሞልቶ ማታክ፣ ያንን የዓሣ ነባሪ ቆዳችንን፣ እያላመጥን ሳለ ኒቪ እያለከለከች ገባች።

«ያቺ ዝም ያለችው ተናገረች። ካናዳ በኩል ነች፣ አሥራ አንድ ነጥብ ልካለች። በጎኗ ስትጋደምና መሣሪያዋ ከውሃ ስትወጣ ብቻ ነው የምትሰማው። ምናልባት ልጇን እያጠባች ይሆናል፤ መሣሪያዋ ከላይ ብትሆን ኖሮ መቼ እንደምትጋደም አናውቅም ነበር። ቦአስ፣ ምን ዓይነት እጅ ነው ያለዎት?»

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ሬጊኔ ወደ እኔ ዞራ እየሳቀች «በል ዬንሴ፣ ዘንጉን መልስለት» አለች።

ደሜ ፈላ። በክፋቴ እንኳ እሱ ይመሰገን?

«የምን የሱ እጅ? ጀልባውን ያዞርኩት እኔ ነኝ። የኔ እጅ ነው» አልኩ።

ጭብጨባው ቀስ በቀስ ሞተ። ቦአስ አፉ ውስጥ ያለውን አላምጦ ዋጠ።

«ሆነ ብለህ?»

ዓይኔን ወደ በሩ መለስኩ። ሬጊኔ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች።

«እኔ እኮ» አለ ቦአስ፣ «በዚህ ክንዴ እጥላታለሁ ብዬ ሕፃኗን አንድ ቀን አላቀፍኳትም።»

ተነሣና ልጁ ዘንድ ሄዶ ሕፃኗን ተቀበለ። እኔን ማንም አልሰደበኝም። ኮቴን ፈልጌ ወጣሁ፤ ዘንጉንም በማግስቱ ደጃፉ ላይ አቁሜለት ተመለስኩ።

ካርታው ላይ ከዚያች ዓሣ ነባሪ ሥር አሁን የኔም ስም አለ፤ «ጀልባ ነጂ ዬንሴ» ይላል። ያስጻፈው ራሱ ቦአስ ነው። ዘንድሮ ሚያዝያ ላይ ጀልባው ሲወጣ ዳር ቆሜ አየሁት። ቦአስ ፊት ላይ ቆሟል፤ ሞተሩ ላይ፣ በኔ ቦታ፣ ሌላ ሰው ተቀምጧል። ያን ዕለት የቀናሁት በቦአስ አልነበረም።