ከዳና ፊት ላይ ያጠፋሁት ጠባሳ

ይህን ነገር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ባሌ ሳይሰማው ሞተ። በጸሎት ቤታችን ሽማግሌዎቹ ኃጢአታችሁን ተናዘዙ ባሉ ቁጥር እኔም ከሰው እኩል ተንበርክኬ ሌላ ሌላውን ስናዘዝ ኖሬአለሁ፤ ጎረቤት ማማቴን፣ ባሌን መቆጣቴን፣ በሰንበት ልብስ ማጠቤን። እዚህ ነገር ላይ ስደርስ ግን እንደ ጉድጓድ እዘለዋለሁ። እናንተ የምታነቡኝ ፊቴን አታዩትም፣ እኔም የእናንተን አላይም። የደፈርኩት ለዚህ ይመስለኛል። እኔ የአንዲትን እናት ልጅ ፊት አጥፍቻለሁ። ያጠፋሁት በእርሳስ ነው።

ትምህርቴ እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ ስለዚህ ነገሩን እንደሆነው አንድ በአንድ እጽፈዋለሁ። ጊዜው ጣልያን ከወጣ ሃያ ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። ሶዶ ከገበያው በላይ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ፎቶ እናነሳ ነበር። እናነሳ ነበር ልበል እንጂ የሚያነሳው ባሌ ነው፤ ፊልሙን አጥቤ በወረቀት የማወጣው ደግሞ እኔ። የመድኃኒቱ ሽታ ደረቱን ስለሚያፍነው ጨለማውን ክፍል ለእኔ ትቶልኛል። በቀጭን እርሳስ ፊልም ላይ ብጉርና ሽብሽብ ማጥፋትንም ያስተማረኝ እሱ ነው። እጄ ለዚህ የተፈጠረ ነው ይለኝ ነበር። ምነው ባልተፈጠረ።

ባሌ ለጉርድ ፎቶ የሚመጣውን ሰው ቶሎ አንስቶ ይሸኛል። ልቡ ያለው ሁለት ነገር ላይ ብቻ ነበር፤ አሮጌ አውሮፕላንና የወንድ ጡንቻ። ከከተማው ወጣ ብሎ አውሮፕላን የሚያርፍበት ሣር ሜዳ አለ። ፖስታና መንገደኛ ለሚያመጣው አዲሱ አውሮፕላን ግድ የለውም። የሚወደው ከሜዳው ጥግ ተጥሎ የቀረውን ነው፤ ጣልያን ጥሎት የሄደውን፣ ክንፉ ድርብ፣ ጨርቁ የተቀዳደደ፣ ሞተሩን ሰው ነቅሎ የወሰደው። በጠዋት ያነሳዋል፣ ዝናብ ሲያባራ ያነሳዋል፣ መንኮራኩሩ መሃል ሣር ሲበቅል ያነሳዋል። አንድ ሳጥን ሙሉ የእሱ ፎቶ ነበረን። እኔ ያን ነገር እፈራው ነበር። ነፋስ ሲመጣ ክንፎቹን ያያያዙት ሽቦዎች አፉን ገጥሞ እንደሚያንጎራጉር ሰው ድምፅ ይሰጣሉ። ከብት እንኳ ጥላው ሥር አይተኛም።

ጡንቻው የመጣው ደግሞ አንድ የውጭ አገር መምህር ትቶት ከሄደ መጽሔት ነው። ራቁት ደረታቸውን የሚያሳዩ ጉልበተኞች ሥዕል ነበረበት። የከተማው ወጣቶች እሱን አይተው ሰውነት ማሠራት ጀመሩ። የተሰነጠቀ የወፍጮ ድንጋይ ያነሳሉ፣ ሲሚንቶ የሞሉትን ሁለት ጣሳ በብረት ዘንግ አያይዘው ይሸከማሉ። ጡንቻቸው ሲጠነክር ወደ ባሌ ይመጣሉ፤ እሱም ወደ አሮጌው አውሮፕላን ይወስዳቸዋል። ለፎቶው እንዲያብረቀርቁ ቅቤ ይቀባሉ። የዚያ ቅቤ ሽታ ከፎቶው ወረቀት ላይ እንኳ የሚመጣብኝ ጊዜ ነበር።

ከእነሱ ሁሉ የሚበልጡት ባሳና ዳና የሚባሉ ወንድማማቾች ነበሩ። በመካከላቸው አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ ባሳ ታላቅ፣ ዳና ታናሽ፤ መልካቸው ግን አንድ ነው። ዳና ልጅ ሳለ ላም በቀንዷ ወግታው የግራ ቅንድቡን ለሁለት የሚከፍል ጠባሳ ነበረው። ሰው የሚለያቸው በእሱ ነው። እንግዳ ሰው ሲመጣ ጎረቤቱ ሁሉ «ጠባሳ ያለው ዳና ነው» ይላል።

የዚያን ቀን ባሌ፣ ሁለቱ ወንድማማቾችና እኔ ብቻ ነበርን። የሁለት ዓመት ልጄን ማርታን አዝዬ፣ ብርሃን እንዲመልስ ነጭ አንሶላ ወጥሬ ይዤላቸው ነበር። ባሳ ክንፉ ላይ ወጥቶ ክንዱን ደረቱ ላይ አጥፎ ቆመ። ባሌ ቀስ በል፣ ባለቤቱ ተመልሶ ሊጠይቀን ይችላል እያለ ያሾፋል። ዳና ሲወጣ ባሳ ከታች ሆኖ፣ «ፀሐይ ሳትበረታ ቶሎ አንሳው፣ የእሱ ጡንቻ ቅቤ ብቻ ነው፣ ይቀልጣል» አለ። ዳናም፣ «ያንተን ደግሞ እናታችን ቦይና እያበላች ነው የነፋችው» ብሎ ሁለት እጁን እንደ ክንፍ ዘረጋ። ሳቅን። ነፋስም ሳይኖር ሽቦው አንጎራጎረ። እኔ ብቻ ነኝ መሰለኝ የሰማሁት፤ ማርታን ከጀርባዬ አውርጄ አቀፍኳት።

አንድ አንድ ፊልም ብቻ ነበር የተነሳላቸው። ከሰዓት በኋላ ጨለማው ክፍል ገባሁ። የዳናን አጥቤ ጨረስኩ። የባሳን መድኃኒቱ ውስጥ ገና ከማስገባቴ ማርታ ከውጭ ስትስል ሰማኋት። ትንሽ ሳል ነበረች። ግን ከማርታ በፊት አንድ ልጅ ቀብሬአለሁ፤ እሱም የሞተው በእንዲህ ያለ ትንሽ ሳል ነው። እጄ ከሐሳቤ ቀደመ። በሩን ከፈትኩት። ብርሃኑ ገባና የባሳ ፊልም ዓይኔ እያየ ጠቆረ። ማርታ የቆሎ ፍሬ ትን ብሏት ነበር፤ ተፋችውና ሳቀች።

ለባሌ አልነገርኩትም። ያን ጥቁር ፊልም ምድጃ ውስጥ ጣልኩት። በሚቀጥለው ገበያ ባሳ ሲመጣ እንደገና ይቆምልናል፣ ምን ችግር አለ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ባሌ በማግስቱ ለሠርግ ወደ ሃላሌ ሄደ፤ መንገዱ በዝናብ ተበላሽቶ ሁለት ሳምንት ቆየ። ባሳም ተበላ ወደምትባል ቆላ ወርዶ ነበር፤ ከቆላው ትኩሳት ይዞት ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን ሞተ። ያን የወፍጮ ድንጋይ የሚያነሳ ሰው አራት ቀጫጫ ሽማግሌዎች በቀላሉ ተሸከሙት አሉ።

እናቱ ወደ እኔ መጣች። የባሳ እናት ነበር የምንላት፤ እኔም የማርታ እናት ነኝ። በእኛ ዘንድ የሟች ነገር በለቅሶው ሜዳ ይዞራል፤ ጦሩ፣ ልብሱ፣ ፎቶ ካለውም ፎቶው። የሚይዘው የቅርብ ወንድሙ ነው። ልጄን ፎቶ አንስታችኋል ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ሌላ የለኝም፣ እሱን ስጪኝ አለችኝ። ለቅሶው በማግስቱ ነበር።

እውነቱን መናገር ምን ነበረበት? ተቃጥሏል፣ ይቅር በይኝ ማለት ስንት ቃል ነው? አዝኜላት ነው እንዳልል፣ አዝኜ አልነበረም። ፈርቼ ነበር። አንቺ የአንቺ ልጅ ስላሳላት የእኔን ልጅ አጠፋሽው ትለኛለች ብዬ ፈራሁ። እሷ ከአፏ ያወጣችው እርግማን ማርታ ላይ ያርፋል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ነገ ጠዋት ነይ አልኳት።

የዳናን ፊልም አወጣሁ። ፊልም ላይ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ነው፤ ጥርሱ ጥቁር፣ የዓይኑ ብሌን ነጭ ሆኖ ያያችኋል። ጠባሳው የጎደጎደና የጠቆረ ስለነበር እንደ ነጭ ክር ይታይ ነበር። እርሳሱን ቀርጬ ክሩን ነጠብ ነጠብ እያደረግኩ ሞላሁት። ከሩብ ሰዓት በላይ አልፈጀም። የተዘረጉት እጆች እንዳይታዩ ከደረቱ በላይ ቆረጥኩት። ምስሉ ወረቀቱ ላይ ቀስ እያለ ብቅ ሲል የባሳ ፊት ሆኖ ወጣ። እላችኋለሁ፣ ራሴ ያደረግኩትን እያወቅኩ ባሳ ነው ብዬ ደነገጥኩ።

እናቱ በማግስቱ ብዙ ጊዜ አየችው። በለቅሶ ያበጠ ዓይኗን ጠርጋ እንደገና አየችው። ከዚያም ቀስ ብላ፣ «የማርታ እናት፣ ፎቶ ሰውን ይለውጣል እንዴ?» አለችኝ።

«ፎቶ እንዲህ ነው» አልኳት።

ያን ቃል እኔ ነኝ ያልኩት። ሌላ ማንም አይደለም።

ለቅሶው ሜዳ ሄድኩ፤ መቅረት ያስጠረጥራል ብዬ። ዳና ፎቶውን በደረቱ ይዞ መጣ። ሰዉ ወደ እሱ እየሮጠ «ባሳ፣ ባሳ» ይላል፣ ሴቶቹ ፎቶውን እያዩ ደረታቸውን ይመታሉ፣ እሱ ከፎቶው በላይ የራሱን ፊት ይዞ ይዞራል። በሕይወት ያለ ሰው በለቅሶ ሜዳ ከተለቀሰለት ጥላው ከዚያ አይመለስም ይሉ ነበር አሮጊቶቻችን። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ይህን አላምንም እል ነበር። ዳና አንድ ጊዜ ፎቶውን አዙሮ ወደ ታች አየው። ቆመ። ከዚያ ቀና ብሎ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል እኔን ፈለገና አገኘኝ።

ከሳምንት በኋላ ቤት መጣ፤ ባሌ ገና አልተመለሰም። በሩ ላይ እንደቆመ «የእኔስ ፎቶ?» አለኝ። የአንተ ተቃጥሏል አልኩት። ይኸው ሁለተኛው ውሸቴ።

«እትዬ» አለኝ፣ «ባሳ ክንዱን አጥፎ ነበር። ፎቶው ላይ ትከሻው እንዲህ ወደ ላይ የተነሳው እኔ ነኝ።»

ማርታን ቀሚሴ ሥር ደበቅኳት።

«እናቴ አቅፋው ነው የምትተኛው» አለ። «አትንገሪያት።»

እሱ ማረሽ እንዳትሉኝ። ያን ያለው ለእናቱ ብሎ ነው። እኔ ግን ቃሉን ተቀብዬ እንደ ምሕረት ተጠቀምኩበት።

ከዚያ በኋላ ዳና ድንጋይ ማንሳት ተወ። ቅቤው፣ ሳቁ ቀረ፤ ክንዱ እየቀጠነ ሄደ። እናቱ «ዳናን ስጠራ ባሳ ይወጣል ከአፌ» ትላለች፤ ኋላ ኋላ እሱም ለባሳ አቤት ማለት ጀመረ። አንድ ቀን ገበያ ላይ ፊት ለፊት ተገናኘን። ፀሐይ በግራው በኩል ነበረች፤ ቅንድቡን አየሁት። ሙሉ ነበር። እንደገና አየሁ። ጠባሳ የለም፤ እኔ እርሳስ ያሳረፍኩበት ቦታ ለስላሳ ቆዳ ነው። ጠባሳ በዕድሜ ይደበዝዛል ትሉኝ ይሆናል። እኔም ለራሴ እንደዚያ እያልኩ ኖሬአለሁ። እሱ ግን ማየቴን አይቶ ጣቱን ቅንድቡ ላይ አድርጎ ዳበሰው፤ እቃ ጠፍቶበት ኪሱን እንደሚዳብስ ሰው።

በሁለተኛው ዓመት ጠፋ። ሣር የምታጭድ ሴት «ቀትር ላይ አሮጌው አውሮፕላን ክንፍ ላይ እጁን ዘርግቶ ቆሞ አየሁት፣ ነዶዬን አስሬ ቀና ስል የለም» አለች። አንዳንዱ ለእርሻ ሥራ ወደ ቆላ ወርዷል አለ፣ አንዳንዱ በአውሮፕላን ሄዷል አለ። ያየው ግን የለም።

እናቱ ለሁለተኛ ጊዜ መጣች። አርጅታ ነበር። «የማርታ እናት፣ አሁን ደግሞ የዳናን አውጪልኝ» አለችኝ። «ፊቱ እየጠፋብኝ ነው። ላስበው ስል ባሳ ይመጣብኛል።»

ፊልሙ ከመደርደሪያው ላይ ነበር፣ ከእጄ አንድ ክንድ ርቀት። እርሳስ በእርጥብ ጥጥ ይለቃል፤ ጠርጌ ዳናን ልሰጣት እችል ነበር። ግን ዳናን ብሰጣት ባሳን ልነጥቃት ነው፤ ስታቅፈው የኖረችው ማን እንደሆነ ልነግራት ነው። እንደገና ፈራሁ። የእሱ ተቃጥሏል አልኳት። ጥቂት አሰበችና፣ «ተመስገን፣ አንዱ እንኳ ተርፎልኛል» ብላ ሄደች።

ያን ፎቶ ግድግዳዋ ላይ እንደሰቀለች ሞተች። ባሌም ሞተ። ብቻዬን ስቀር ፊልሙን አውጥቼ ጥጥ አርጥቤ ጠረግኩት። እርሳሱ ለቀቀ፤ ጥጡ ጠቆረ። ወደ መስኮቱ ይዤ አየሁት። ነጩ ክር አልነበረም። ከሥሩ ምንም አልነበረም። ደግሜ ጠረግኩ፣ ደግሜ አየሁ። አሁንም ድረስ አልፎ አልፎ እያወጣሁ አያለሁ።

ይቅርታ ማንን ልለምን? ዳና የለም፣ እናቲቱ የለችም። ማርታ ዛሬ ራሷ የልጆች እናት ናት፤ ስትስል እስካሁን ልቤ ይዘላል። ያን በር ዛሬም ቢሆን እከፍተው ነበር፤ በሩን መክፈቴ አይጸጽተኝም። እርሳሱን ያነሳሁት ግን ለማርታ ብዬ አይደለም፣ ለእናቲቱም ብዬ አይደለም፣ ለራሴ ነው። ይቅር ብትሉኝም ሆነ ባትሉኝ እናንተን አንድ ነገር ብቻ አስይዛችኋለሁ፤ ከእኔ በኋላ የሚያውቀው ሰው እንዲኖር።

ስሙ ዳና ነበር። የግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ነበረው።