ቀኝና ግራው

ይህን ስነግራችሁ ቀኝና ግራውን እንዳታምታቱብኝ፤ ነገሩ ሁሉ ያረፈው በእሱ ላይ ነው። ልጄ ማርታ በኮምፒውተር ጨዋታ ትወዳደራለች። ለውድድሩም፣ በታክሲ ስትሄድ መዝሙር ለመስማትም የሚሆናት የጆሮ ማዳመጫ ልትመርጥ፣ ጀፕ በሚባለው ሰፈር ወደሚገኘው የታደሰ ሱቅ ይዛኝ ሄደች። ታደሰ በጸሎት ቤት ዘወትር በቀኜ የሚቀመጥ ሰው ነው። ሰላም ስለው ዝም ስለሚለኝ ካኮረፍኩት ወራት አልፈዋል።

ማርታ በሱቁ ኮምፒውተር ጨዋታውን ከፍታ፣ ማዳመጫውን ራሴ ላይ አድርጋ «አባባ፣ የጠላት ኮቴ ከየት በኩል እንደሚመጣ ይንገሩኝ» አለችኝ።

«ከግራ» አልኩ፤ ከቀኝ ተተኮሰብኝ። እንደገና «ከግራ» አልኩ።

«አባባ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ሞቱ!» ብላ ሳቀች።

«ታደሰ፣ የዚህ ዕቃ ቀኙ አይሠራም» አልኩ፤ ከኩርፊያው ወዲህ ለእሱ የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል ነበር።

ማርታ ማዳመጫውን አዙራ የግራውን በቀኝ ጆሮዬ ላይ አደረገችው። አሁንም በቀኝ ጆሮዬ ምንም አልሰማሁም፤ በግራው ግን ጥርት ብሎ ይሰማኛል። ሳቋም ቆመ። እንግዲያው ታደሰ በየእሑዱ ሰላምታዬን ሲመልስልኝ ኖሯል።

እሱ ግን ፊቴን አየና ማዳመጫውን በፍጥነት ከራሴ ላይ አነሣው።

«ዕቃው ነው፣ ጋሼ! ይሄኛው አንዳንዴ ያስቸግራል፤ ሌላ ላምጣልዎ» አለና ወደ ካርቶኑ ይመልሰው ጀመር።

እጁን ያዝኩት። ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ያንኑ ማዳመጫም ለልጄ ገዛሁላት። ዕቃው ተበላሽቷል የሚለውን ግን አልተቀበልኩም።