ሻላዋና ካኪ የለበሰው ሰው

ወፍ ፎቶ ማንሳት የጀመርኩት እዚሁ የካ ነው፤ በሃምሳዎቹ። አስተማሪ ሆኜ በተቀጠርኩ ዓመት ካሜራ ገዛሁና እሁድ እሁድ ከየካ ሚካኤል በላይ ያለውን ባሕር ዛፍ እያቋረጥኩ እስከ እንጦጦ እወጣ ነበር። ምን ዋጋ አለው! ገና ካሜራውን ዓይኔ ላይ ሳደርገው ወፉ ቅጠል ውስጥ ጥልቅ ይላል። ሐይቅ ላይ ያለ ወፍ ግን የት ይደበቃል? ደብረ ዘይት ወርጄ ሆራ ሐይቅ ላይ በጀልባ ላነሳ ቆረጥኩ።

አባቴ ሰሙ። "ሴት ልጅ ብቻዋን፣ ከማታውቀው ቀዛፊ ጋር፣ ውሃ ላይ? አይደረግም!" አሉ። ተጨቃጨቅን። እኔም እልኸኛ፣ እሳቸውም እልኸኛ፤ በመጨረሻ ራሳቸው ይዘውኝ ሄዱ። ዕድሜ ልካቸውን እንጦጦ ላይ እንጨት ሲያስቆርጡ ኖረው ጀልባ ረግጠው አያውቁም ነበር።

ያ ቀን ዛሬም ግራ ያጋባኛል። ጀልባው ይወዛወዛል፣ ወፎቹ ይበራሉ፣ እኔ እጮኻለሁ። ቀዛፊው "በግራ!" ሲለኝ ወደ ቀኝ አያለሁ። አባቴ ደግሞ ካሜራው ወደ እሳቸው በዞረ ቁጥር ፊታቸውን ያዞራሉ። ፎቶ መነሳት አይወዱም፤ ለምን ሲባሉ "መልኬን ማን ጠየቀኝ?" ይላሉ። ትንሽ ቆይተው ቁጭ ማለቱ ሰለቻቸውና "እስቲ አምጣው" ብለው መቅዘፊያውን ከሰውዬው ተቀበሉ። መለሱለት። ደግሞ ተቀበሉ። እኔ ወፍ ወፉን ስለማይ ማን መቼ እንደቀዘፈ ልብ አላልኩም። ሁለቱም ካኪ ኮት ነበር የለበሱት።

በክረምቱ አባቴ ታመው ሳምንት ሳይሞላቸው ሞቱ።

ለቅሶው ላይ እናቴ ደረቷን እየደቃች ወደ እኔ ዞረች። "ሌላው ሰው ሲሞት ፎቶው ተይዞ ይለቀስለታል። የእኔ ባል ምን ይያዝለት? ስንቱን አሞራ ስታነሺ አባትሽን አንድ ቀን አላነሳሽም?" አለችኝ። ጓዳ ገብቼ የሆራን ፎቶዎች በተንኳቸው። ሻላ፣ ይብራ፣ ውሃ፣ ሰማይ። አንዷ ላይ ብቻ ሰው አለ። ያቺ መንቁረ ረጅም ወፍ፣ ሻላዋ፣ ከውሃው ስትነሳ ካሜራውን አብሬያት ስላዞርኩ እሷ ላባዋ እስኪቆጠር ጠርታ ወጥታለች። ጥግ ላይ ግን ካኪ የለበሰ ሰው መቅዘፊያ እንደያዘ፣ በእጅ እንደተጠረገ የጠመኔ ጽሑፍ ደብዝዟል። አባቴ ይሁኑ ቀዛፊው፣ እኔ እንጃ! ብቻ አውጥቼ ሰጠኋት።

እናቴ ባለ መስታወት ፍሬም ውስጥ ከታ ወደ ድንኳኑ ይዛው ወጣች። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ሻላዋን ነው። አንዷ ጎረቤታችን ለቅሶዋን አቋርጣ "ውይ፣ ምንድን ናት ደግሞ?" አለች። የአባቴ እህት "ወንድሜ የቱ ጋ ነው?" እያለች ፎቶውን ታገላብጠው ጀመር። በጣቴ አሳየኋት። "እኔን! ወንድሜን!" ብላ እዚያው ላይ ተደፋች። እኔ ልሳቅ ወይስ ላልቅስ? ይኼ ሁሉ እንባ ምናልባት ደብረ ዘይት ቁጭ ብሎ ዓሣውን በሰላም ለሚበላ ሰው ነው! ሳቁም እንባውም አንድ ላይ መጣብኝና በነጠላዬ አፌን ያዝኩ።

ለቀስተኛው ሲበተን እናቴ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

"እውነቱን ንገሪኝ። እሱ ነው?"

"አላውቅም እማዬ። እውነቴን ነው፣ አላውቅም።"

ፎቶውን አትኩራ አየችው። "ፊቱን አዙሮ የለ እንዴ? ካሜራ ሲያይ የሚዞር ከእሱ ሌላ ማን አለ?"

እውነትም የሰውዬው ራስ ወደ ወዲያ ዞሯል። እኔ ሻላዋን ሳይ ልብ አላልኩትም ነበር። እሳቸው ናቸው ብዬ ልቤ ዘለለ። ወዲያው ደግሞ ተጠራጠርኩ፤ ቀዛፊም እኮ መንገዱን ለማየት ይዞራል። ይህንኑ ልነግራት አፌን ስከፍት፣ እናቴ በመስታወቱ ላይ የሰውዬውን ትከሻ በጣቷ መታ መታ አደረገች።

"ዙር እንጂ፣ አንተ ሰው" አለችው። "አሁን እንኳ ዙርልኝ።"

መስታወቱን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩላት።