የእንቁራሪቷ ኮይንና የአባቴ ዛፎች

ይህ ታሪክ ሊጻፍ የሚገባው ስለመሆኑ እርግጠኛ አይደለሁም። የሞተ ሰው የለም፤ የፈረሰ ቤትም የለም። በስልኩ ገንዘብ ያጣ ተማሪ ደግሞ በእኛ ዶርም ብቻ ስንት አለ። ቢሆንም ለማንም ሳልናገር መቆየት ከብዶኛል።

አባቴ ቦንጋ አጠገብ ማንኪራ ነው የሚኖረው። ጫካው ውስጥ ከአያቱ የወረሳቸው አራት ትልልቅ ዛፎች ነበሩት። በእኛ አገር ጫካው የሁሉም ቢሆንም ቀፎ የሚሰቀልበት ዛፍ ባለቤት አለው፤ በሌላ ሰው ዛፍ ላይ ማንም አይወጣም። እኔ ከፍታ ስለምፈራ መውጣት አልተማርኩም። "አንተ ተማር፣ እኔ እወጣለሁ" ይለኝ ነበር አባቴ። በኋላ ጉልበቱ ታመመ። ጅማ ያየው ሐኪም በቀዶ ሕክምና እንደሚድን ነገረው።

እኔ ለዩኒቨርሲቲ ቦንጋ ስገባ፣ የሁለት ዓመት ማር የሸጠበትን ብር በእኔ ሂሳብ አስቀመጠ። ለሕክምናው ትንሽ ይጎድለው ነበር።

ያጠፋኝ ያ ትንሽ ጉድለት ነው። ከእኔ በላይ ያለው አልጋ ላይ የሚተኛው ልጅ እንቁራሪት የተሳለባት፣ ገና የወጣች፣ በስልክ የምትገዛና የምትሸጥ የዲጂታል ገንዘብ ኮይን አሳየኝ። ትልልቆቹ ቀስ እያሉ ነው የሚጨምሩት፣ ትርፍ ያለው ሰው ገና ያልሰማባቸው ትንንሾቹ ላይ ነው አለኝ። በጥቂት ብር ሞከርኩ፤ በሳምንቱ እጥፍ ሆነ። ከዚያ አባቴን ሳልጠይቅ የቀረውን ሁሉ አስገባሁ። ላስደስተው ፈልጌ ነበር።

ለገና ቤት ስሄድ ቁጥሩ ለሕክምናው ከበቂ በላይ ሆኖ ነበር። ልሸጠው ወስኜ፣ ከመሸጤ በፊት አሳየሁት። ስልኩን ከዓይኑ አርቆ ያዘው።

"ይሄ የኔ ብር ነው?"

"አዎ አባዬ። ጨምሯል።"

"ማን ጨመረበት?"

"ሰዎች እየገዙት ነው።"

"እንቁራሪት?" ሳቀ። "እኛ ጋ ዝናብ በጣለ ቁጥር በነፃ ትጮህ የለ እንዴ።"

በየሰዓቱ እየከፈትኩ እንደማየው ስነግረው ግን ሳቁን ተወ።

"ቀፎ ሰቅለህ በየቀኑ ብትከፍተው ንቡ ጥሎህ ይሄዳል። ማር እስኪቆረጥ ድረስ አትንካው።"

ስለ ኮይን አንዳች እንደማያውቅ አውቅ ነበር። ግን ስለ እኔ ነገር እንደዚያ በእርግጠኝነት ሲናገር ሰምቼው አላውቅም፤ አብረን ቀፎ የሰቀልን መሰለኝ። እሺ አልኩት። ሦስት ወር ሙሉ አልከፈትኩትም።

ሚያዝያ ላይ ማር መቆረጥ ሲጀምር ከፈትኩት። ቁጥሩ ጭራሽ ጨምሯል። መሸጫውን ስነካው ግን አልሸጥ አለ። ደጋግሜ ነካሁት። ስለ ኮይኗ ይወራበት የነበረው የቴሌግራም ግሩፕም ጠፍቷል።

"ገዢ የለማ፤ የቀረው ቁጥሩ ብቻ ነው" አለኝ የላይኛው አልጋ ልጅ፣ ወደ ግድግዳው እንደዞረ። "የኔም እንደዚያው ነው።"

ቅዳሜ ማንኪራ ሄጄ ለአባቴ ነገርኩት።

"አትንካው ያልኩህ እኔ ነኝ" አለ።

"አይደለም አባዬ" ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ጥፋቱን ሲወስድልኝ ዝም ብዬ አየሁት።

በማግስቱ በዚያ ጉልበቱ ማር ሊቆርጥ ወጣ። ማሩ የሚወርድበትን ገመድ ከታች የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ግማሽ ላይ ሲደርስ እግሩ አልታዘዝ አለው፤ መውጣትም መውረድም አቃተው። ዛፉን አቅፎ ቀረ። ሮጬ ጎረቤታችንን ጠራሁ፤ ወጥቶ በገመድ አስሮ አወረደው። አባቴ ልብሱን አራገፈና፣ "ንቦቹ ዛሬ ጨዋ ናቸው" አለ።

ከወር በኋላ አስጠራኝ። ጎረቤታችንና ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነበር። አራቱን ዛፎች ለጎረቤታችን ሊሰጥ ነው።

"የሱ ጽሕፈት ያምራል" አላቸው፣ ወረቀቱን ወደ እኔ እየገፋ።

ዛፎቹን አንድ በአንድ፣ ያሉበትን ቦታ እየነገረኝ ጻፍኩ። ስርዝ ድልዝ እንዳይኖረው ተጠነቀቅሁ። አባቴ ፈረመና ወረቀቱን መለሰልኝ።

"ቀኑን ረሳኸው" አለኝ።

ጻፍኩት፦ ግንቦት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.