ኮሶ ያልነበረበት ሆድ

ሕመሜ የጀመረው ጠግቤ ሳለሁ ነው። ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ጊዜው የሁዳዴ ጾም ነው። ባለቤቴ ቄስ ነው፤ ጎንደር ከቀሐ ወንዝ ማዶ ባለ ደብር ያገለግላል። ከቅዳሴ መልስ አብረን በላን፤ መሶቡ ተከደነ፤ እሱም ወጣ። እኔ መሶቡን እንደገና ከፈትኩት። አልራበኝም። እጄ ይሄዳል፤ አፌ ይቀበላል፤ እኔ ግን ከጥግ ቆሜ ሌላ ሴት ስትበላ የማይ ይመስለኛል። በመስኮት የሚገባው ብርሃን እንኳ የሕልም ብርሃን ነበር። ስነቃ ድስቱ ባዶ ነው። ሆዴ ተወጥሮ ያመኛል። አፈርኩ። በማግስቱ ራሴን ለመቅጣት እስኪመሽ እህል አልቀመስኩም።

ከዚያ ወዲያ ብቻዬን በቀረሁ ቁጥር ይመጣብኝ ጀመር። ቅጣቱን ባበረታሁ መጠን እሱም ይብሳል። አንዳንዴ ከቅዳሴ በፊት ስለሚይዘኝ መቁረብ ተውኩ። የተጋባነው በቁርባን ነው፤ የቄስ ሚስት ከቁርባን ስትርቅ ሰው ያያል፣ ያወራልም። ባለቤቴም ብቻውን ቆርቦ ይመለሳል። አንጀቴን የበላው ይህ ነበር።

እናቴ ኮሶዬ ከሚባለው ደጋ አገሯ ልትጠይቀኝ መጥታ ባዶውን ድስት አየች። በልቶ ለማይጠግብ ሆድ በእኛ አገር ፍርዱ አንድ ነው። «ኮሶ ነዋ ልጄ፣ ሌላ ምን ይሆናል!» አለችና ከደጇ የኮሶ ዛፍ ያመጣችውን አበባ ወቅጣ አጠጣችኝ። ምሬቱን የጠጣ ያውቀዋል። ቀኑን በባዶ ሆዴ ሲያጸዳኝ ይውላል፤ ሲለቀኝ ደግሞ የባሰ እበላለሁ። እሷም ትደግምልኛለች። በመጨረሻ ወደቅሁ። ዓይኔ ጨለመ። ባለቤቴ ስሜን ይጠራል።

ከጣሊያን በቀረች የጭነት ማኪና ሐኪም ቤት አደረሰኝ። ሐኪሙ ሰገራዬን በላቦራቶሪ አስመርምሮ «ኮሶ የለብሽም» አለ። ቀጥሎ «ስትበዪ ማን ያይሻል?» ሲል ጠየቀኝ።

«ማንም።»

«ካለፈልሽ በኋላስ?»

«እህል አልቀምስም።»

«የሚያብስብሽ እሱ ነው። ኮሶውንም ተዪ። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ብዪ፤ ብቻሽን ግን አትብዪ።»

ባለቤቴ «ዶክተር፣ ሁዳዴ ነው እኮ» አለ።

«የታመመ ሰው አይጾምም አባ። ይህን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።»

ዛሬ ሐኪሞች ቢንጅ ኢቲንግ፣ ያለ ልክ መብላት፣ የሚሉት ሕመም ያኔ ለእኔ ስም አልነበረውም። ሳይርብ መብላት፣ መቸኮል፣ መደበቅ፣ እስኪያም ድረስ ማቆም አለመቻልና በኋላም ራስን መጥላት ምልክቶቹ ናቸው።

የነፍስ አባታችን ከጾሙ ፈቱኝ። ባለቤቴ ራሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾመ፣ ጠዋት ጠዋት መሶቡን ከፍቶ ከፊቴ ይቀመጥና «ፈተናውስ ለእኔ ሆነ!» እያለ በእጁ ያጎርሰኝ ነበር። ክረምቱን እናቴ ዘንድ ኮሶዬ ከረምኩ፤ ጉሙ እስከ ደጃፉ መጥቶ ገደሉንም ዛፉንም ይሸፍናል፣ እኔም ቁርሴን ቀስ ብዬ እየበላሁ አገሩ ከጉሙ ውስጥ ጥቂት በጥቂት ሲወጣ አያለሁ። ያ ነገር ሲመጣብኝ «እማ፣ መጣ» እላታለሁ፤ እሷም ሥራዋን ትታ አጠገቤ ትቀመጥና እስኪያልፍ ድረስ ገብስ እየለቀምን እናወጋለን። ያሸነፈኝ ቀንም ነበር፤ በማግስቱ ግን ቁርሴን በላሁ።

ክረምቱ ሲወጣ ጎንደር ተመልሼ ለመቁረብ ደፈርኩ። የፈራሁት ለቁርባን ከሚጾመው ረጅም ጾም በኋላ መሶቡ ሲከፈት ነው፤ እጄ እንደ ድሮው ይሄድ ይሆን? ከባለቤቴ ጋር ቆረብን። ቤት ስንገባ አማቴና ጎረቤቶቻችን ማዕድ አቅርበው ጠበቁን። በላሁ። አማቴ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ «ምነው ልጄ፣ በሞቴ ይችን ብቻ!» አለችኝ። ሰው ሁሉ አየኝ።

«ጠግቤያለሁ እምዬ» አልኳት። እውነቴን ነበር። ባለቤቴ ጉርሻዋን ከእጇ ተቀብሎ ራሱ ጎረሳትና መሶቡን ከደነው። ያኔ አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ነው።

ሐኪሙን፣ ባለቤቴንና እናቴን እግዜር ይስጥልኝ። ይህ ሕመም የያዛችሁ ሰዎች፣ ራሳችሁን በረሃብ አትቅጡ፤ ለአንድ ሰው ንገሩና ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የምታስታምሙም በሞቴ እያላችሁ አታስጨንቁ። ከታማሚው አጠገብ ተቀመጡ፤ ጠገብኩ ሲላችሁም እመኑት።