የተገዘተው ቦረቦር

ባለፈው ሳምንት ጎንደር፣ ማራኪ ግቢ ካለው የዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ስገባ ወለሉ ላይ የተጎዘጎዘው እርጥብ ሣር ሸተተኝ። የተጎዘጎዘው ለመምህሬ መታሰቢያ ነው። መድረኩ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ተራ በተራ እየተነሡ «የመሬት ሐኪም» ይሏቸዋል፤ በሕይወት ሳሉ የመኪና ናፍጣ የከለከሏቸው እነዚሁ ናቸው። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ይባላል፤ እኔ የምወቅሰው ቋሚዎቹን ነው፤ ከቋሚዎቹም መጀመሪያ ራሴን።

ስማኝማ። ያኔ ከኮሌጅ ከወጣሁ ዓመት ያልሞላኝ የእርሻ ባለሙያ ነበርሁ። መምህሬ ደግሞ በሰሜን ጎንደር ጎርፍ የበላው መሬት ይድናል ብለው የተነሡ የመጀመሪያው ሰው ነበሩ። ሌላው ምሁር ስለ አፈር መሸርሸር ጽፎ ሲሾም እሳቸው ገደል ውስጥ ድንጋይ ይደረድሩ ነበር። ከድብ ባሕር አለፍ ብሎ ቤት የሚውጥ አንድ ቦረቦር ነበር። በየክረምቱ ከሰው ማሳ እየገመሰ ይሰፋል። ዝናቡ ካባራ በኋላ አፈሩ ሲናድ ከሩቅ ይሰማል፤ የሽማግሌ ሳል ይመስል ነበር። መምህሬ ሦስት ዓመት ጎርፉን የሚገታ የድንጋይ ክትር አሠሩበት፣ ሣር አስተከሉበት። ገበሬዎቹ «አያ ቦረቦር» ብለው ስም አወጡላቸው፤ እሳቸውም ወደዱት።

«ክትሩ ቀላል ነው» ይሉኝ ነበር። «ጭንቁ ከብቱ ነው። ሰዎቹ ራሳቸው ተስማምተው ከብታቸውን ከከለከሉ፣ ሣሩንም እያጨዱ እቤት ከቀለቡ፣ እኔ ብሞትም ይኸ መሬት ይኖራል። ካልተስማሙ ድንጋይ ስንሸከም ነው የኖርነው።»

አልተስማሙም። አዝመራ ከተነሣ ወዲያ መሬት ሁሉ የከብት ነው፤ ከአባት የመጣ ሕግ ነው። መምህሬ በየሰንበቴው እየተቀመጡ ይለምናሉ፤ ገበሬው «ሸጋ ብለዋል አያ» ይላል፤ በማግስቱ በሬው ክትሩ ላይ ቆሞ ያመነዥካል።

እኔ ትዕግሥቴ አለቀ። መምህሬ ለስብሰባ አዲስ አበባ በሄዱበት ሳምንት የደብሩን ቄስ ለብቻቸው ያዝኋቸው። «አባ፣ አንድ ቃል ቢናገሩ እኮ ያልቃል» አልኋቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መስቀላቸውን ይዘው ቆሙና ገዘቱ፤ ከዚያ ቦረቦር ከብት ያስገባ ውግዝ ይሁን አሉ። እኔ የነገርኋቸው ስለ ከብት ብቻ ነበር። እሳቸው ግን ለጋስ ሰው ነበሩና «ሣሩን ያጨደም» ብለው ጨመሩበት።

ከብቱ በማግስቱ ጠፋ። መምህሬ ተመልሰው ባዶውን ቦረቦር ሲያዩ ድምፃቸው ተለወጠ።

«ተስማሙ?»

«ተስማሙ» አልሁ።

ገበሬዎቹም ያስገዘቱት እሳቸው ስለመሰሏቸው ነገሩን አላነሡትም።

በሁለተኛው ዓመት ሣሩ ወገብ ደረሰ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መዳብ ይመስል ነበር። በዚያው በጋ ድርቅ ሆነ። የከብቱ አጥንት ተቆጠረ፤ ሣሩ ግን እንደቆመ ነው። መምህሬ ገበሬዎቹን ሰበሰቡ።

«ምነው አታጭዱም?»

«ይቀልዳሉ አያ?» አለ አንዱ። «ያስገዘቱት እርስዎ!»

«እኔ?»

«የገዘቱት አባ ደግሞ ዐረፉ። ማን ይፍታው?»

በሟቹ ቄስ ቦታ የተተኩት አዲሱ ቄስ ተጠየቁ። «ሌላው ያሰረውን እኔ አልፈታም» አሉ።

መምህሬ ወደ እኔ ዞሩ። ያዩኝ አንዴ ብቻ ነው። ከዚያ ከአንዱ እጅ ማጭድ ተቀብለው ወደ ቦረቦሩ ወረዱ። ሴቶቹ «ኧረ አያ! ኧረ በማርያም!» እያሉ ጮኹ። አንድ ሸክም አጭደው በትከሻቸው ተሸከሙና ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ደጅ አደረሱት፤ ላሟ መነሣት አቅቷት ተኝታለች። ሴትዮዋ በላሟና በሣሩ መካከል ቆመች።

«አያ፣ ያለኝ አንድ ልጅ ነው» አለች።

ላሟ አንገቷን ታሰግጋለች። መምህሬ ሸክሙን ይዘው ተመለሱና ከቦረቦሩ አፋፍ አስቀመጡት።

በዓመቱ ሞቱ። ሐኪሙ የቆየ የጉበት በሽታ ነው አለ፤ አገሬው ግዝቱ ያዛቸው አለ። ዛሬ ያ ቦረቦር ዱር ሆኗል። ዓምና ሄጄ አይቼዋለሁ። እናቶች ልጆቻቸውን ከዳሩ የሚመልሱት «አያ ቦረቦርን ያገኘ ያግኝህ!» እያሉ ነው። ጥበቃ ሳይቀጠር፣ ደመወዝ ሳይከፈል፣ መሬቱን የሚጠብቁት መምህሬ ናቸው፤ በአሟሟታቸው። በአዳራሹ እኔም እንድናገር ጥቂት ደቂቃ ተሰጥቶኝ ነበር። «ሕዝቡን አሳምነው መሬቱን አዳኑ» አልሁ። ተጨበጨበልኝ።

መምህሬ ሣሩን ያጨዱ ዕለት በመኪና ወደ ጎንደር እየተመለስን ነው። ማጭድ ያልለመደው መዳፋቸው ተልጧል። ስድብ ጠበቅሁ፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ዳባት ስንደርስ ሾፌሩን ከአንድ ምግብ ቤት ደጅ አስቆሙት።

«ከጧት ጀምሮ እህል አልቀመስህም» አሉኝ።

ሽሮው ቀረበ። እጄን መዘርጋት አቃተኝ። መምህሬ በተላጠው እጃቸው እንጀራውን ቆረሱ፤ ወጡ ቁስሉን ሲነካው ፊታቸው ጨፍገግ አለ፤ ጠቅልለው አጎረሱኝ።

ዋጥሁት።