ራሚ ለመማር ወደ በዴሳ

አባቴ አምፖል ሊቀይር ወንበር ላይ ወጥቶ ወድቆ ዳሌው ከተሰበረ ሦስት ወር ሊሞላው ነበር። አጥንቱ ገጥሟል፤ ሐኪሙም ቁጭ እንዲልና በከዘራ እንዲራመድ አዞታል። እሱ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መተኛቱን መረጠ። ብለምነው፣ ብቆጣው፣ ሾርባ ብሠራለት አልሆነም። አንድ ቀን "ማዳልቾ ቢኖር ራሚ እንጫወት ነበር" ሲል ሰማሁት። ራሚ የካርታ ጨዋታ ነው። ጋሽ ማዳልቾ ደግሞ አባቴ ሶዶ ላይ ጨርቅ ይነግድ በነበረበት ዘመን የማይለዩት ጓደኛው ነበሩ፤ ዛሬ ጡረታ የወጡ መምህር ሆነው ከሶዶ ወዲያ ባለችው በዴሳ ይኖራሉ። አባቴን ለእህቴ አደራ ሰጥቼ፣ እሳቸውን ይዤ ልመለስ ከቡታጅራ ተነሳሁ።

ሐሙስ፤ እስከ ሶዶ

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መናኸሪያ ነበርኩ። ሆሳዕና ላይ ሚኒባስ ቀየርኩ። ከዚያ ወዲያ እንሰቱ እየበዛ፣ አፈሩ እየቀላ ሄደ። አረካን አልፈን የዳሞታ ተራራ ሲታየን፣ አጠገቤ የተቀመጡ ሴት "እንግዲህ ደረስን" ብለው ጫማቸውን አጠለቁ። ሶዶ ላይ ለራት ክትፎ በዳጣ አዘዝኩ፤ ዳጣ ከቃሪያ፣ ከዝንጅብልና ከነጭ ሽንኩርት የሚፈጭ የሶዶ ማባያ ነው። አስተናጋጇ "ጥቂት ጥቂት አድርጊ" ብላኝ ነበር። አልሰማኋትም፤ ሁለት ጠርሙስ ውሃ ጨረስኩ።

ዓርብ፤ በዴሳ

የበዴሳው ሚኒባስ ባዶ ጆንያ በያዙ የእህል ነጋዴዎች ተሞልቶ ነበር። ስወርድ አንዱን ባለሞተር የመምህር ማዳልቾን ቤት ጠየቅሁት።

"ሒሳብ አስተምረውኛል፤ ሞተሩ ላይ ውጪ" አለኝ። "ቁልቁለቱ ላይ ግን አጥብቀሽ ያዢ።"

ጋሽ ማዳልቾን ያገኘኋቸው በረት ውስጥ ነው። የመጣሁበትን ስነግራቸው እጃቸውን በሣር ጠረጉ።

"አባትሽን፣ ወልዴን፣ ማየት እንዴት እንደምፈልግ" አሉ። "ግን ላሟ ዛሬ ነገ ትወልዳለች። ባለፈው ጥጃው በኋላ እግሩ መጥቶ እኔ ባልኖር ኖሮ ሁለቱም ያልቁ ነበር።"

ያን ሁሉ መንገድ የመጣሁት በከንቱ መሰለኝና እንባዬ መጣ። ያኔ ባለቤታቸው እትዬ አስቴር ከቤት ብቅ አሉ።

"ሰውየው ካልሄደ ጨዋታው ይሂዳ። አስተምራት። በገንዘብ መጫወት ግን የለም፤ እኛ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነን። የተሸነፈ ጎደሬ ይልጣል።"

ቤት ገባን፤ ጋሽ ማዳልቾ ካርታውን በውዘው ለሁለታችን አሥር አሥር አደሉ። የቀረውን መሀል ላይ ደፍተው አስቀመጡና አንዱን ካርታ አጠገቡ ገለጡ።

"ተራሽ ሲደርስ ከተደፋው ወይም ከተጣለው አንድ ታነሻለሽ፤ አንድ ትጥያለሽ" አሉኝ። "የምትፈልጊው ቤተሰብ ነው። ሦስት ሰባት ቤተሰብ ነው፤ አራት ንጉሥም እንደዚያው። ወይም አንድ ምልክት ያላቸው ተከታታዮች፤ የልብ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። ያለ ቤተሰብ የቀረ ካርታ እጅሽ ላይ ሳይኖር ሲቀር ዘርግተሽ ትዘጊያለሽ። ቀድሞ የዘጋ አሸነፈ።"

ቀላል መሰለኝ። አምስት ጊዜ ተሸነፍኩ። ጥሬ ጎደሬ ሲላጥ እጅ ያሳክካል፤ በየጨዋታው መሀል እጄን ሳክክ እትዬ አስቴር እየሳቁ የተቀቀለውን ያቀርቡልኛል። በአማርኛ ሲያናግሩኝ ብዙ ጊዜ እንደ ወንድ ነው፤ "ብላ ልጄ፣ ብላ" ይሉኛል።

በስድስተኛው የልብ ስድስትና ስምንትን ታቅፌ ሰባቷን ስጠብቅ ጋሽ ማዳልቾ ዘጉ። ሰባቷ እሳቸው እጅ ላይ ነበረች።

"ቅድም ከተጣለው ላይ ሳነሳት አላየሽም?" አሉኝ። "የምታዪው የራስሽን እጅ ብቻ ነው። የእኔን እዪ፤ ምን አነሳ፣ ምን ጣለ በይ።"

ከዚያ በኋላ ዓይኔን ከእጃቸው አልነቀልኩም። ንጉሥ ሲያነሱ እኔ ጋ ያለውን፣ ባይጠቅመኝም፣ ያዝኩባቸው። በዘጠነኛው ዘጋሁ። እትዬ አስቴር ቢላዋውን ለባላቸው አቀበሉ።

ቅዳሜ፤ ወደ ቤት

ጋሽ ማዳልቾ እስከ ሚኒባሱ ሸኙኝ። "እንዳትለማመጪው" አሉኝ። "አሸንፊው።"

አመሻሹ ላይ ቤት ስገባ አባቴ ፊቱ እንደተለመደው ወደ ግድግዳ ነው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ካርታ በወዝኩ። ድምፁን ሲሰማ ዞረ።

"ማን አስተማረሽ?"

"ጋሽ ማዳልቾ።"

"እሱ መቼ ይችላል" አለና እጁን ዘረጋ። ተኝቶ አሥር ካርታ መያዝ ግን አይቻልም፤ ደረቱ ላይ ተበተነበት። "ቀና አድርጉኝ" አለን። እኔና እህቴ ሦስት ትራስ ከጀርባው አደረግንለት። የመጀመሪያውን እሱ ዘጋ፤ ሁለተኛውን እኔ። ሲሸነፍ ካርታዎቹን ሰብስቦ ሰጠኝና "አንድ ጊዜ ደግሞ" አለ።

ሦስት ወር ሙሉ እኔ የምፈልገውን ስነግረው ኖሬያለሁ እንጂ፣ እሱ ምን እንደሚፈልግ ለማየት አልሞከርኩም ነበር። ይህን ለማወቅ በዴሳ ድረስ መሄድ ነበረብኝ።

እሑድ ጠዋት ከዘራውን ጠየቀ። "እዚህ ብርሃን የለም፤ ካርታ ትደብቂብኛለሽ" አለኝ። ግድግዳውን በአንድ እጁ፣ ከዘራውን በሌላው ይዞ፣ ላብ እያጠመቀው በረንዳው ላይ ደረሰ። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀና፣

"በውዢ" አለኝ።